የዴዴሳ ጉምና የሩቁ ጋራ ቀለም

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስንጓዝ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ማዘቅዘቅ የሚጀምርበት አንድ ቦታ አለ። ብዙ ዓመት ሥዕል ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ርቀት በቀለም እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ግን እዚያ ቆሜ ነው። በቅርቡ ጋራ ላይ ዛፉ ይቆጠራል። ከኋላው ያለው አረንጓዴነቱን ለሰማያዊ ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሰማዩ ለመለየት ዓይን ይደክማል።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ይህን ሳያዩ አልቀሩም፤ ጎንደርም በተራራ የተከበበች ናት። የእነሱ ሥራ ግን ቅዱሱን ለምእመኑ ማቅረብ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን በነገሠው በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል፣ ከቅዱሱ ጀርባ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ሲዋሐድ ይታያል። ማዋሐዱን ያውቁበት ነበር፤ ለርቀት አልፈለጉትም ብዬ አምናለሁ።

ኋላ ሠዓሊዎቻችን ባሕር ማዶ ሄደው መማር ያዙ፤ አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተማሩ። አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ቺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። ከዚያ ትምህርት ለእኔ የደረሰኝ የርቀት ደንብ አጭር ነው፦ ሩቁን አስቀድም፤ ቀለሙን ከሥር አሳስተህ ከላይ አወፍር፤ በራቀ ቁጥር አደብዝዝ፣ ሰማያዊም ጨምር። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በማስታወሻው የጻፈው ይህን የመጨረሻውን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አየር ከብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን አብልጦ ይበትናል።

ደንቡ እውነት ነው፤ ወለጋ ግን የራሷ ወራት አሏት። በጥቅምት ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሲሄድ ሩቁ ጋራ ይቀርባል፤ ጠርዙ ምላጭ ይመስላል። በየካቲት የቆላው ሣር ሲቃጠል ጢሱ ሸለቆውን ይሞላዋል። ያኔ ሩቁ አመድማ ነው፣ ወደ ማታ ደግሞ የደረቀ የቡና ገለባ መልክ ይይዛል። እኔ ግን ለዓመታት ተማሪዎቼን በየካቲትም ሰማያዊ አስቀባኋቸው። ዓይናቸው ያየውን ትቼ ደንቡን አስያዝኳቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ለየካቲት ሸራ መጀመሪያ የማለብሰው ቢጫና ግራጫ የተዋሐደበት ስስ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው ቢያስፈልግ በኋላ ይመጣል።

ነቀምቴ የምታስተምሩ ልጆቹን ወደ ኮምቶ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ ወደ ቱሉ ወለል አውጧቸው። አንድ ጊዜ በጥቅምት፣ አንድ ጊዜ በየካቲት፤ ያንኑ ተራራ ሁለቴ ይሣሉት።