ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው፦ ከቆሼ የሚጀምር የቀበሌ ታሪክ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተናደ። በማግስቱ የተነገረን የሟቾች ቁጥር ከ50 በታች ነበር። በየቀኑ እየጨመረ ሰንብቶ ከ110 አለፈ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ቁጥሩ እንዲያ የዘገየው ቁፋሮው ስለከበደ ብቻ አይመስለኝም። ከሥሩ ማን እንደተቀበረ ለማወቅ፣ አስቀድሞ እዚያ ማን ይኖር እንደነበር ማወቅ ይጠይቃል። ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር፣ ከጭቃ ቤት አንዲት ክፍል የተከራየ፣ መሸኛ ሳይዝ ከገጠር የመጣ ሰው በቤት ቁጥር አይታወቅም። በቤት ቁጥር ካልታወቀ መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ ከሌለው መዝገቡ ላይ የለም። የዚህን ሰው ስም የሚያውቁት ጎረቤቱና ዕድሩ ናቸው።

ይህ የአንድ ወረዳ ሠራተኛ ስንፍና አይደለም። ረጅም ታሪክ አለው።

የ1937ቱ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ሲፈቅድ፣ ተመራጩ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ነዋሪ እንዲሆን ነው። ተከራይ ከደጅ ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ፦ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ ተወለደ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን የሚያስተዳድረው እሱ ሆነ። ተከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ተጻፈ።

ግን ለምን ተጻፈ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስኳሩን በኅብረት ሱቅ በቤተሰብ ልክ የሚያድለው ቀበሌ፣ በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ በር ያንኳኳውም ቀበሌ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የሚያውቅ መዝገብ ለራሽንም ለእስርም አገልግሏል። የዚያ ዘመን የቀበሌ ጸሐፊ ከሊቀመንበሩና ከአብዮት ጥበቃው ለይቶ የሚያቆመው ምንም አልነበረውም። ብዙ ሰው ዛሬም ወረዳ ሄዶ ስሙን ማስመዝገብ የሚከብደው ይህን በቤተሰብ ወሬ ስለሰማ ይመስለኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የሥልጣን እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ይላል። ጥሩ ቃል ነው። በ2000ው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች በጣም ሰፉ፤ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ነበር፣ ጥቂት ጣት የሚቆጥራቸው ሲቀሩ ሁሉንም የወሰደው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ተመራጭ ሲያበዙ አጀንዳ አስቀድሞ የሚበትን፣ ምልዓተ ጉባኤ የሚቆጥር፣ ማን ምን እንዳለና ማን እንደተቃወመ የሚጽፍ፣ ባለፈው የተወሰነው ተፈጸመ ወይ ብሎ የሚከታተል ሠራተኛ ማብዛት ማንም አላሰበም። ወንበር ተባዛ፤ ጠረጴዛው ያው አንድ ነው።

እንግሊዞች በ1835 እ.ኤ.አ. የከተማ ምክር ቤቶቻቸውን ሲያሻሽሉ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን ጸሐፊ እንዲቀጥር በሕግ አስገድደዋል። ተመራጭ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይቆያል። የኛው የምክር ቤት ሠራተኛ ግን እድገቱንም ዝውውሩንም የሚጠብቀው ምክር ቤቱ ይቆጣጠረዋል ከተባለው አስተዳደር ነው። በዚያ ላይ ለሰልፍ ቅስቀሳ ይወጣል፣ ለዘመቻ ይሰማራል። መስኮቱ ላይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን ስንመለስ የምንሰድበው እሱን ነው። ሰው ደግሞ አለቃውን የሚያሳጣ ቃለ ጉባኤ እንዲጽፍ ከፈለግን፣ ጽፎ እንጀራውን እንደማያጣ ማረጋገጥ አለብን። ለአፈ ጉባኤው ብቻ ተጠሪ ይሁን፤ ማኅደሩ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ ዝውውሩ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይፈረም። ብዙ ብር አይጠይቅም።

የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው በ2005 ነው። ዘመኑ በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ፤ በ2013 አዲስ አበቤ የከተማውን ምክር ቤት መረጠ እንጂ የወረዳውን አልመረጠም። ተመራጩ ተበትኖ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ግን አይበተንም።

በ2008 የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር። ገበሬዎቹ ሲቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ ክምሩ ከመናዱ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ። መኪኖቹ ሲመለሱ ከክምሩ ሥር ስለሚኖሩት ሰዎች በኮልፌ ቀራኒዮ ምክር ቤቶች ማን ተነሥቶ ተናገረ? ምን ተብሎ ተመለሰለት? የዚያን ዓመት ቃለ ጉባኤ አውጥቶ ማንበብ የነዋሪው መብት ነው፤ ጠያቂ ካለ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዚያን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በር ነው።