የመሥራቹ ፈቃድና የባለአክሲዮኑ ድርሻ

የፎርድ አውቶሞቢል ኩባንያ በዲትሮይት ከተማ በሰኔ ወር 1903 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ በእጅ የገባው ጥሬ ገንዘብ 28,000 ዶላር ብቻ ነበር። ወንድማማቾቹ ጆንና ሆሬስ ዶጅ ሞተሩን እየሠሩ በማቅረብ ከአክሲዮኑ አንድ አሥረኛውን ያዙ። ሄንሪ ፎርድም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሌሎችን ድርሻ ገዝቶ 58 ከመቶውን ጨበጠ።

ከ1911 እስከ 1915 ባለው ጊዜ ከመደበኛው ክፍያ ሌላ 41 ሚሊዮን ዶላር ልዩ የትርፍ ድርሻ ተከፈለ። በ1916 ግን፣ ያልተከፋፈለው ትርፍ ወደ 112 ሚሊዮን ዶላር በደረሰበት ሰዓት፣ ፎርድ ልዩው ክፍያ እንዲቋረጥ አደረገ። የመኪናው ዋጋ ከ440 ወደ 360 ዶላር እንዲወርድ፣ ገንዘቡም በሩዥ ወንዝ ዳር ለሚቆመው ማቅለጫ እንዲውል ወሰነ። ለባለአክሲዮኖቹ የቀረላቸው በዓመት 1.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሆነ። ዶጆች ከ1914 ጀምሮ የራሳቸውን መኪና ያመርቱ ነበርና፣ የክፍያው መቋረጥ የተፎካካሪን ጉሮሮ ማነቅም ጭምር ነበር።

ጉዳዩ ወደ ችሎት አመራ። የሚሺገን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 1919 ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል አዘዘ፤ የማቅለጫውን ሥራ ግን አልከለከለም። ኩባንያን የማስፋፋት ውሳኔ የአስተዳዳሪዎች ነው፤ የባለአክሲዮንን ትርፍ ለሌላ ዓላማ አሳልፎ መስጠት ግን ሥልጣናቸው አይደለም ማለቱ ነበር። ከተፈረደው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ለራሱ ለተከሳሹ ለፎርድ መድረሱ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም።

ፎርድ ፍርዱን የመለሰው በክርክር ሳይሆን በግዢ ነው። ፕሬዚዳንትነቱን ለልጁ ለኤድሰል ለቆ፣ ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ ይበልጥ ርካሽ መኪና ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ባለአክሲዮኖቹ ድርሻቸው ዋጋ እንዳያጣ ሲሠጉ፣ ወኪሎቹ በ106 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልለው ገዙላቸው። ዶጆች 25 ሚሊዮን ዶላር ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ትርፍ ድርሻ የሚከስ ሰው አልተገኘም፤ የሚከፍለውም የሚቀበለውም አንድ ቤተሰብ ሆኗልና። ይሁን እንጂ ለግዢው 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከባንክ ተበድሮ ነበር። ገበያው በ1920 ሲቀዘቅዝ፣ ዕዳውን ለመክፈል መኪናዎችን ላልጠየቁ ወኪል ሻጮች በግድ ላከ። የባለአክሲዮኖቹ ሸክም በነጋዴዎቹ ጫንቃ ላይ ዞረ ማለት ነው።

በ1935 በታላላቅ ውርሶች ላይ እስከ 70 ከመቶ የሚደርስ ግብር ሲጣል፣ ቤተሰቡ በቀጣዩ ዓመት የፎርድ ፋውንዴሽንን አቋቋመ። አብዛኛው አክሲዮን ድምፅ አልባ ሆኖ ወደ በጎ አድራጎቱ ተዛወረ፤ ድምፅ ያለው ጥቂቱ በቤተሰቡ እጅ ቀረ። ፋውንዴሽኑ ግን ሀብቱ ሁሉ በአንድ ኩባንያ ትርፍ ላይ እንዲንጠለጠል አልወደደም። በጥር 1956 10.2 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ64.50 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ፤ የቀረውንም በ1974 ሸጦ ጨረሰ። ቤተሰቡ በ1956ቱ ስምምነት 40 ከመቶ የሚሆነውን ድምፅ ለራሱ አስቀርቷል።