የኦቲዝም ቈጠራ ታሪክና የሰቆጣ ዙሪያ ሕፃናት

የሰቆጣ ስም ከሕፃናት ጤና ጋር በሰፊው መነሣት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። መሠረቱም በልጅነት መጀመሪያ የታለፈ ነገር በኋላ ለመመለስ ያስቸግራል የሚለው ሐሳብ ነው። ይኸው ሐሳብ ለልጅ አነጋገርና ከሰው ጋር ለመግባባትም እንደሚሠራ የኦቲዝም ታሪክ ያስረዳናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 በአሜሪካ የመረመራቸውን የ11 ሕፃናት ጠባይ ጽፎ አሳተመ፤ 8ቱ ወንዶች ነበሩ። ያን ጊዜ ኦቲዝም እጅግ ጥቂት ልጆችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ነበር። በአሜሪካ በተመረጡ አካባቢዎች በ2000 በተደረገው ቈጠራ ግን ከ150 የ8 ዓመት ልጆች አንዱ፣ በ2022 ደግሞ ከ31 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ታወቀ፤ የወንዶቹም ቍጥር ከሴቶቹ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ለዚህ ዕድገት አንዱ ትልቅ ምክንያት የመለኪያው መስፋት ነው። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ አፋቸውን በጊዜው ፈትተው ከሰው ጋር መግባባት የሚቸግራቸውን ልጆች ጨመረ፤ ወላጆችና መምህራንም ምልክቱን መለየት ጀመሩ። የወንዶቹ ብልጫም በከፊል የሴቶቹ ምልክት ሳይስተዋል ስለሚታለፍ ነው። እንግዲህ ቈጠራው የልጆቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተመልካቹንም ዐይን ይለካል።

በአገራችን ይህን ዐይን ለመክፈት ቀድመው ከተነሡት አንዷ እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ነገሩ እርግማን አለመሆኑን አስተማሩ። ኋላም የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና በኢትዮጵያ ተሞከረ። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ይህ ሥልጠና ወላጅ በጨዋታና በዕለት ሥራ መካከል ልጁን እንዲያግባባ ያስተምራል። ኦቲዝምን አያጠፋም፤ የልጁን መግባቢያ ግን ለማስፋት ይረዳል።

አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠሩት ባይዞር፣ በጣቱ ባያመለክት፣ ቃልም ባያወጣ፣ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ተብሎ ቢታለፍ የሚባክነው ያው ውድ ጊዜ ነው። ሕፃኑን የምትመዝነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እነዚህን ሦስት ነገሮች እናቲቱን ብትጠይቅ፣ ቤቱም የኽምጣንጋ ተናጋሪ ከሆነ በኽምጣንጋ ብትጠይቅ፣ የቃል ኪዳኑ ሐሳብ ከቁመትና ከክብደት አልፎ እስከ ልጁ አንደበት ይደርሳል።