የሽሩዝበሪው የምልክት ቤት

በእንግሊዝና በዌልስ ወሰን አጠገብ፣ የሰቨርን ወንዝ ዙሪያዋን ከብቦ ልሳነ ምድር ባስመሰላት በሽሩዝበሪ ከተማ፣ ከክሩው፣ ከቼስተር፣ ከዎልቨርሃምፕተን፣ ከሄርፎርድና ከዌልስ ተራሮች የሚመጡት የምድር ባቡር መንገዶች ሁሉ በአንድ ጣቢያ ይገናኛሉ፤ ስፍራውም ከመጥበቡ የተነሣ፣ በ1848 እ.ኤ.አ. የታነጸው ጣቢያ እየሰፋ በሄደ ጊዜ መሳፈሪያዎቹ በወንዙ ድልድይ ላይ እስከ መዘርጋት ደርሰዋል። ከድልድዩ ማዶ፣ ሐዲዶቹ ሦስት ማዕዘን ሠርተው በሚለያዩበት ቦታ፣ የለንደንና የሰሜን ምዕራብ ምድር ባቡር ኩባንያ በ1903 ያሠራው የጡብ ቤት ቆሟል። በላይኛው ፎቅ 180 የብረት ዘንጎች በአንድ ረድፍ ተተክለዋል፤ ዛሬም በእጅ ኀይል ከሚሠሩት የምልክት ቤቶች መካከል በዓለም የሚበልጠው የለም።

የምድር ባቡር በተጀመረበት ዘመን፣ አንዱ ባቡር ሌላውን እንዳይደርስበት የሚጠበቀው በሰዓት ነበር፤ የፊተኛው ከሄደ ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ መንገዱ ነጻ ነው ተብሎ የኋለኛው ይለቀቃል፤ የፊተኛው በመንገድ ተሰናክሎ እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በ1856 ጆን ሳክስቢ የተባለ የብራይተን አናጢ የሐዲዱን መቀያየሪያና ምልክቱን አንድነት የሚያስተሳስር ብልሃት ፈልስፎ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጥበብ ሳይቀበሉ የቆዩ ኩባንያዎች ብዙ ነበሩ። የመዘግየታቸውን ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ናቸው። በጁን 12 ቀን 1889 በአየርላንድ፣ በአርማ አቅራቢያ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ጭኖ ዳገት ላይ ኀይል ያጠረው ባቡር ለሁለት ተከፈለ፤ የኋለኞቹም ፉርጎዎች ቁልቁል ተንደርድረው ከሚከተለው ባቡር ጋር ተጋጩ፤ 80 ያህል ነፍስ ጠፋ። ሦስት ወር ሳይሞላ የብሪታንያ ፓርላማ ሕግ ደነገገ፦ በአንድ ክፍለ መንገድ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ፣ መቀያየሪያና ምልክት እንዲቈላለፉ፣ የመንገደኛ ባቡርም ፉርጎው ቢለይ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖረው።

የሽሩዝበሪው ቤት የተሠራው በዚህ ሕግ መሠረት ነው። ቀዩ ዘንግ የ«ቁም» ምልክትን ያንቀሳቅሳል፤ ቢጫው ከሩቅ የሚያስጠነቅቀውን፣ ጥቁሩ መቀያየሪያውን፣ ሰማያዊው የመቀያየሪያውን መቀርቀሪያ። የእጅ ላብ ብረቱን እንዳያዝገው ሠራተኛው እጀታውን በጨርቅ ይይዛል፤ እግሩን ተክሎ፣ ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስባል። ከወለሉ በታች ግን ዘንጎቹ በብረት መቈላለፊያ ተጠላልፈዋልና፣ መንገድ ለአንዱ ባቡር ተሰጥቶ ሳለ ተቃራኒውን የሚከፍተው ዘንግ በጉልበት ብዛት አይነቃነቅም።

ከዚህም ሌላ፣ ሠራተኛው ያለ ጎረቤቱ ፈቃድ ባቡር አይሰድም። የሚቀጥለውን የምልክት ቤት በአንድ የደወል ምት ይጠራል፤ ለፈጣን የመንገደኛ ባቡር አራት ምት ይልካል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ሲደግምለት መቀበሉ ነው። ባቡሩ ሲገባ ሁለት፣ ሲያልፍ ሁለትና አንድ ይመታል፤ ስድስት ምት የአደጋ ነው፤ ሁሉም ከነደቂቃው በመዝገብ ይሰፍራል። በቅርብ በሚታየው፣ በ1083 በተመሠረተው ገዳም የቤኔዲክቶስ መነኰሳት እስከ 1540 ድረስ ሰዓታቸውን በደወል ሲያደርሱ ኖረዋልና፣ ለደወል መታዘዝ ለዚያ ሰፈር አዲስ ሥርዐት አልነበረም።

ነገር ግን መቈላለፊያው የማይከለክለው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ፍጥነት ነው። በኦክቶበር 15 ቀን 1907 ሌሊት፣ ከጣቢያው በስተ ሰሜን፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚፈቀድበት ጥምዝ ላይ አንድ ባቡር 100 ያህል እየበረረ ገብቶ ከሐዲድ ወጣ፤ ነጂውንና እሳት አንዳጁን ጨምሮ 18 ሰዎች ሞቱ። ፎቅ ላይ ላለው ሰው ድካሙና መርሳቱ አስቀድሞ ታስቦለት እጁ በብረት ተጠብቆ ነበር፤ ለነጂው ግን የታመነው በንቃቱ ብቻ ነበር፤ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአገሪቱ እስኪስፋፋ ብዙ ዘመን ፈጀ። ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንደሚሳሳት አምኖ የተሠራ ሥርዐት፣ በሰው ትጋት ላይ ብቻ ከተደገፈው ይልቅ ብዙ ነፍስ እንደሚያድን ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን አሳይተዋል።