ሻጋታ የገዛ መርዙን የሚያፈርስበት ሂደት

አንዳንድ ሻጋታዎች ያመነጩትን መርዝ መልሰው ያፈርሳሉ፤ ይህ ችሎታቸው ግን የሻገተን እህል ለምግብነት አያበቃውም። ከእነዚህ መርዞች አንዱ መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው የሻጋታ መርዝ ጥናት ረጅም ታሪክ ባለው በደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በጆሃንስበርግ የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኦትሌ፣ በአፍሪካ ለሚታየው የጉበት ካንሰር መንስኤው የሻጋታ መርዝ ሊሆን ይችላል የሚለውን መላምት በሰፊው አቀረቡ። በዚያው ዓመት በአቅራቢያዋ ፕሪቶሪያ ቫን ደር መርቨና ባልደረቦቻቸው አስፐርጂለስ ኦክራሲየስ ከተባለው ሻጋታ ኩላሊት የሚጎዳውን ኦክራቶክሲን ኤ ለይተው አወጡ።

ኦክራቶክሲን ኤ የሁለት ክፍሎች ጥምር ሲሆን አንደኛው ፌኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ኢንዛይም ሁለቱን የሚያገናኘውን ትስስር ሲቆርጥ የሚቀረው ኦክራቶክሲን አልፋ መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ነው። ወይን የሚያጠቃው አስፐርጂለስ ካርቦናሪየስ በቤተ ሙከራ ሲያድግ የመርዙ መጠን ከፍ ካለ በኋላ ሲወርድ ታይቷል። አፍላቶክሲን የተባለውን ሌላ የሻጋታ መርዝ በተመለከተም ተመራማሪዎቹ ዶይልና ማርት አስፐርጂለስ ፓራሲቲከስ የተባለው ሻጋታ ክሮች፣ በተለይ ሲቆራረጡ፣ መርዙን እንደሚያፈርሱ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳይተዋል። መርዙ የቀነሰው ከሻጋታው አካል ጋር ተጣብቆ ቢሆንስ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንደ አስፐርጂለስ ካርቦናሪየስ ያሉ ጥቁር አስፐርጂለሶች ኦክራቶክሲን ኤን ሲያፈርሱ ኦክራቶክሲን አልፋ መገኘቱ፣ ቢያንስ የዚህ መርዝ መቆረጥ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣል።

እንግዲያው የሻገተውን በቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ቢያቆዩት መርዙ በራሱ አይጠፋም ወይ? አይጠፋም። ቅነሳው የታየው ውኃ በተትረፈረፈበት የቤተ ሙከራ ሁኔታ ነው። በጆንያ ያለ እህል ሲደርቅ ሻጋታው ሥራውን ያቆማል፤ ቀድሞ የተመረተው መርዝ ግን ይቆያል፤ ተራ ምግብ ማብሰልም አፍላቶክሲንን አያጠፋውም። እህሉ እንዲረጥብ ቢተው ደግሞ ያው ሻጋታ እንደገና መርዝ ሊያመርት ይችላል። የማፍረስ አቅሙም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

ይህ ማለት ግን ግኝቱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ያለው ኢንዛይሙን ከሻጋታው ለይቶ በመጠቀም ላይ ነው። አንዳንድ ዝርያዎቹ ኦክራቶክሲን ከሚያመርቱት ከአስፐርጂለስ ናይጀር የተገኘውና መርዙን የሚቆርጠው ኦክራቶክሲኔዝ፣ አወቃቀሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። እንዲህ ያለው ኢንዛይም ሻጋታው ራሱ ሳይጨመር ስለሚሠራ አዲስ መርዝ አያመጣም። በእህል ላይ ግን ዋናው መከላከያ በቶሎ ማድረቅና ከእርጥበት ጠብቆ ማከማቸት ነው፤ ማፍረስ የሚያስፈልገው መርዝ ከተመረተ በኋላ ነውና።