ትኩስ ዳቦና ደረቅ ስንቅ

ከትናንት ወዲያ የገዛችሁት ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ላስቲኩ በደንብ ተቋጥሯል፤ ዳቦው ግን ድንጋይ ሆኗል። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬው እንዴት ይደርቃል?» ብላችሁ ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ልትወረውሩት ነው። ቆይ! ከመወርወራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ፍሪጅ ሳይኖር፣ ዳቦ ቤት ሳይኖር፣ የሞተር ወፍጮ እንኳ ሳይመጣ በፊት ሰው ዳቦና እንጀራውን እንዴት ያቆይ ነበር?

እስቲ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝና ግሼ ደጋ እንውጣ። ራቤል የግሼ ከተማ ናት። አገሩ ብርድ ነው፤ ከጤፍ ይልቅ ገብስ የሚስማማው፣ የበልግ ዝናብ ሲቀር ጎተራው የሚራቆት አገር። የገብስ እንጀራ ደግሞ እንደ ጤፍ ለስልሶ አይቆይም፤ ቶሎ ደርቆ ይሰባበራል። ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ምጣዱ የሚሰማው በኩበት ነው። ዱቄቱ የሚገኘው ሴቷ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ ስትፈጭ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ «ትኩስ» የምንላት ቃል በዚያ ቤት ዋጋዋ ስንት ነው? የአንዲት ሴት ወገብና የአንድ ቁና ኩበት ነው። በየቀኑ መጋገር የማይታሰብ ነገር ነበር።

ስለዚህ የደጋው ቤት ያከማች የነበረው ዳቦ ሳይሆን እህል ነው። የተጋገረው መሶብ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ እንዲቆይ ከተፈለገ ዘዴው አንድ ነው፦ ማድረቅ። እንጀራው ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፤ ተቆልቶ ሲፈጭ ደግሞ በሶ ነው። በሶ ቀድሞ እሳት ስላገኘው መንገደኛው በውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል፤ እሳት ማንደድ የለ፣ ምጣድ መሸከም የለ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ሻጋታ ያለ እርጥበት አይኖርም። ውሃውን ከነሳኸው ነጠላ ዘር አያበቅልም።

ይህ የጓዳ ዕውቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጦር ሜዳም ነው። የድሮው ዘማች የመንግሥት ቀለብ አልነበረውም፤ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። አፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ጦሩ ከአዲስ አበባ የተነሣው በጥቅምት፣ ዓድዋ ላይ የተዋጋው ደግሞ የካቲት 23 ቀን። ወደ አምስት ወር ገደማ ማለት ነው! አምስት ወር የሚቆይ ለስላሳ ዳቦ በምድር ላይ የለም። ያውም አገሩ አብዛኛውን ከብት ከጨረሰው ከክፉ ቀን ገና መላቀቁ ነበር።

እናላችሁ በየካቲት መጨረሻ ስንቁ ሊያልቅ ደረሰ። የጣሊያኑም ሰፈር በምግብ እጥረት ተጨንቆ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ኖሮ የምኒልክ ሠራዊት በረሃብ ምክንያት ለመመለስ ይገደድ ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እንግዲህ ያ ሠራዊት እስከዚያች ቀን እንዲቆይ ያደረገው አንዱ ነገር ሴቶች በየቤታቸው ቆልተው፣ ፈጭተውና አድርቀው የቋጠሩት ስንቅ ነው። ስለ ጎራዴውና ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል፤ ስለ በሶው ስንቶቻችን አውርተናል?

ለስላሳው ዳቦ የከተማ ልጅ ነው። «ፉርኖ» የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፎርኖ ማለት የዳቦ ምድጃ ነው። ከፉርኖው ጋር አዲስ ልማድ መጣ፦ ዳቦ በየቀኑ መግዛት፣ የትናንቱን መናቅ። ለእኛ ዳቦ ደረቀ ማለት ሞተ ማለት ሆነ።

አሁን ወደ ፍሪጁ እንመለስ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቡሲንጎ በ1852 (እ.ኤ.አ.) ዳቦ ውሃው ሳይተን ጭምር እንደሚደርቅ፣ መልሶ ሲሞቅም እንደሚለሰልስ በሙከራ አሳይቷል። ዳቦው ሲጋገር የላላው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠነክራል። ይህ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ከክፍሉ ሙቀት ይልቅ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ላስቲኩ ተቋጥሮም ዳቦው ድንጋይ የሆነባችሁ። ለአንድ ሁለት ቀን ከሆነ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ውጭ አስቀምጡት። ከዚያ በላይ ከሆነ ቆራርጣችሁ በረዶ ቤቱ ውስጥ ክተቱት፤ እዚያ እርጅናው ይቆማል። የደረቀውን ትንሽ ውሃ እርጩበትና አሙቁት።

የሻገተው ግን ሌላ ነው። ላዩ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ጫፉ ብቻ ነው፤ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መብላት አያዋጣም። እንጀራም ቢሆን ኮምጣጣነቱ ለጥቂት ቀን ቢጠብቀውም ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ሻጋታው አይቀርለትም።

ልዩነቱ ይኸው ነው። የዳቦ ጠላቱ መሻገት እንጂ መድረቅ አይደለም። ዛሬም ባሕር ማዶ ለሚኖር ልጇ ድርቆሽ የምትልክ እናት ይህን ታውቃለች፤ ሻንጣው ውስጥ የምትከተው የዓድዋ ዘማች ተሸክሞት የሄደውን ዓይነት ስንቅ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ዳቦ ከዓመት ዓመት እያነሰ ዋጋው እየጨመረ ባለበት ዘመን፣ የደረቀውን ከሻገተው ጋር አንድ ላይ እንጥላለን። አያቶቻችን ቢያዩን «ስንቅ እኮ ነው የጣልከው!» ይሉን ነበር።