የድባብ ሙዚቃ

«አምቢየንት» የሚለውን የሙዚቃ ስም በአማርኛ ለመጥራት ሲታሰብ አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «የአካባቢ ሙዚቃ» ነው። ይህን የሰማ ግን የአንድ ወረዳ ባህላዊ ዘፈን ወይም ስለ ደን ጥበቃ የተዜመ ይመስለዋል። «የጀርባ ሙዚቃ»ም አይሆንም፤ ስሙን ያወጣው ሰው የሸሸው በየገበያ አዳራሹ ተከፍቶ የሚረሳውን ዜማ ነውና። እኔ «የድባብ ሙዚቃ» እንበለው ባይ ነኝ።

ሰውየው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ ታክሲ ገጭቶት ተኝቶ ሳለ፣ ልትጠይቀው የመጣች ወዳጁ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሃርፕ ሙዚቃ ያለበት ሸክላ ሰጥታው ሄደች። እንደምንም ተነሥቶ ሸክላውን አጫወተና ተመልሶ ጋደም ሲል ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሏል፤ ከድምፅ ማጉያዎቹም አንዱ አይሠራም። ዳግመኛ የሚነሣበት አቅም አልነበረውም። ውጭ ዝናብ ይጥላል። የክሮቹ ድምፅ ከዝናቡ መሀል አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ እያለ ይሰማው ጀመር። ሙዚቃ እንደ ብርሃኑና እንደ ዝናቡ የክፍሉ አካል ሊሆን እንደሚችል የገባው ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 «ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ስያሜውንም አብሮ አወጣ። ሁለተኛውን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙት። ሴቶች አንዳንድ ኖታ ብቻ ረዘም አድርገው ያዜማሉ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጫፍና ጫፉ ተቀጥሎ ቀለበት በሆነ የቴፕ ክር ላይ ይዞራል። አንዱ ቀለበት በ23 ሰከንድ ተኩል ገደማ፣ ሌላው 30 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል። ርዝመታቸው ስለማይገጥም ድምፆቹ በየዙሩ በሌላ አኳኋን ይገናኛሉ። ምት የለም፤ አዝማች የለም። ብታዳምጡት የሚሰጣችሁ አለው፤ ወደ ሥራችሁ ብትመለሱም አይቀየማችሁም።

ድባብ መነሻው ጥላ ነው፤ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ያሸበረቀ ጥላ። ዛሬ «የበዓል ድባብ» ስንል ቄጤማውን፣ የእጣኑን ጭስ፣ ከጓዳ የሚወጣውን የወጥ ሽታ አንድ ላይ ማለታችን ነው። ማንም ነጥሎ አያየውም፤ ሁሉም ግን ከሥሩ ነው። «አምቢየንት» የመጣበት የላቲን ቃልም መክበብን ያመለክታልና ዝምድናቸው ቅርብ ነው።

በገናን ከዚህ የሚደምሩ አሉ። አልስማማም። በገና ለጸሎት ይጠራል፤ ቃሉ እንዲሰማ ይሻል፤ እያወሩ የሚያሳልፉት አይደለም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ያዋሃደበት ሥራ ግን ለዘውጉ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ምቱ ባይለቅም ዜማው ቤቱን ሞልቶ ይንሳፈፋል። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያ ማለት እሱም ነው።

የድባብ ሙዚቃን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ መስኮቱን ክፈቱ። የሐምሌ ዶፍ ቆርቆሮውን ሲመታ ይውጠዋል፤ በመስከረም ካፊያ ግን የቱ ከውጭ፣ የቱ ከቴፑ እንደመጣ ለመለየት ጆሮ ይቸገራል።